መርዶ ይዘን ሲያትል የሰነበትንበት ሳምንት

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ የክፍላችን ልጆች የሚጠይቁኝ ስለ ሲያትል ረጅሙ ፎቅ ብቻ ነው። አየሁት፤ ረጅም ነው፤ ጭጋግ ስለነበረ ጫፉ አይታይም። ስለ ፎቅ ያለኝ ይኸው ነው። የአማርኛ መምህራችን ግን «የሄድሽበትን ጉዳይ በየቀኑ እየለየሽ ጻፊው፤ እዚያ የማይደርስ ሰው በአንቺ ዓይን ይየው» አሉኝ። በደስታ ደብተሬን አወጣሁ። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፤ አሁን ማን ያቆመኛል! ሶ፣ ልጀምር። ይቺ «ሶ» ሲያትል ያሉ ሐበሾች ወሬያቸውን የሚጀምሩባት ቃል ናት፤ ከዚያ ያመጣሁት ዕቃ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

መጀመሪያ ጉዳያችንን ልናገር። እታለም የምላት ምንትዋብ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ሲያትል ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቷ የምታጠናው በእስያ ድሃ አገሮች ስልክና ኢንተርኔት ለሰው ምን ያህል እንደሚደርስ መለካት ነው። ጥናቷን በመምህራኖቿ ፊት የምታቀርብበት ቀን ሲቆረጥ ለአባቴና ለእኔ የጥሪ ደብዳቤ ላከችልን። ቪዛው በወጣ በሳምንቱ አያቴ እማማ፣ ማለትም የአባዬና የእታለም እናት፣ አረፈች። እታለም ያን ጊዜ ላኦስ ገጠር ውስጥ ስልክ እየለካች ነበር።

ማንም አልነገራትም። የእናት ሞት በስልክ አይነገርማ። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ ይሄዳል፣ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ያዘጋጃል፣ ከዚያ ነው አንድ ሽማግሌ ቃሉን የሚያወጣው። ስለዚህ አባዬ «መርዶውን ራሴ ይዤላት እሄዳለሁ» አለ። እኔም አብሬው ተሸከምኩት።

ቅዳሜ። ቦሌ ድረስ የሸኘን ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ ስለነበር የአየር መንገዱ ሠራተኛ «አይዟችሁ፣ አውሮፕላኑ ደህና ነው» ብሎ ቀለደብን። እኛም ጥቁር ለብሰን ነው የወጣነው፤ ዘመድ ፊት ሐዘን አይጣልም። ፍራንክፈርት ስንደርስ ግን አባዬ ከቦርሳው መላጫ አውጥቶ ወደ ወንዶቹ መጸዳጃ ገባ። የአንድ ወር የሐዘን ጺሙን ሊላጭ ነው። እኔም ወደ ሴቶቹ ገብቼ ጥቁር ቀሚሴን አወለቅሁና ቢጫ ሹራብ ለበስኩ። እዚያ ቧንቧው እጅ ሲያይ ብቻውን ይፈስሳል፣ ያውም ሙቅ ውሃ! እኛ ሰፈር ቀዝቃዛውም በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። እጄን እያስጠጋሁና እያራቅሁ ስጫወት ቆየሁ፤ ቀና ብዬ በመስታወቱ ውስጥ ቢጫ ለብሼ ስስቅ ራሴን ሳይ አፈርኩ። የምታጸዳው ሴትዮ ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ መሰለኝ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ወረቀት ቀድዳ ሰጠችኝ። አባዬ አገጩን ቆርጦት፣ ቁስሉ ላይ ወረቀት ለጥፎ ወጣ።

«እንዴት ነኝ?»

«ከአፍንጫህ በታች ሌላ ሰው ሆነሃል።» እውነቴን ነው። ጺሙ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ የፊቱ ቀለም ሁለት ሆኗል።

እሁድ። ሲያትል የተቀበሉን ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወሎ ሰው፣ አየር ማረፊያው ውስጥ የሚሠሩ፣ እዚያ አካባቢ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። አባዬ አስቀድሞ በሰው እጅ ደብዳቤ ልኮላቸው ነገሩን ያውቃሉ። እታለም ወረቀቷን ስታሳትም ጊዜ ስላጠራት እንዲቀበሉን የለመነቻቸው እሳቸውን ነው፤ ምን እንደሚያውቁ አታውቅም። አባዬን ሦስት ጊዜ ሳሙትና «አብሽር፣ አብሽር ወንድሜ» አሉት በቀስታ። ከዚያ መኪናቸው ጠፋቻቸው። «ሦስተኛው ፎቅ ነው ፓርክ ያደረግኋት፤ ወላሂ ሦስተኛው ነው» እያሉ ግማሽ ሰዓት አዞሩን። የተገኘችው አምስተኛው ላይ ነው። «አስራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቤት!» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ።

ቤታቸው አየር ማረፊያው አጠገብ ቡሪየን የሚባል ሰፈር ነው። አውሮፕላኖች ጣሪያ ለጣሪያ ያልፋሉ፤ ወሬው ይቆምና አውሮፕላኑ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ምስርና አንድ ትልቅ ቀይ ዓሣ ሠርተው ጠበቁን። አባዬ ሲያመነታ «ግዴለም ብላ፤ ዓሣ አራጅ የለውም። ድስቱም አዲስ ነው፣ ለእናንተ ብዬ ትላንት የገዛሁት» አሉት። ለማያውቀው እንግዳ ድስት የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጃቸው ሃያት ዓሣውን እየፈለፈለች አፍጥጣ ታየኛለች። «አዲስ አበባ ቲቪ አላችሁ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «በአማርኛ ጠይቂያት!» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ኦኬ ማማ» አለችና በእንግሊዝኛ ቀጠለች።

ሳህኑ ከተነሳ በኋላ አባዬ «ነገ ጠዋት ልንገራት። ሆዴ አልቻለም» አለ።

ጋሽ ሰይድ ፂማቸውን ዳሰሱ። «ስማ ወንድሜ። ይቺ ልጅ ጥናቷን ለምታቀርብበት ለዓርብ ስድስት ዓመት ለፍታለች። ነገ ብትሰማ ዓርብ የለም። ዓርብ ካለፋት ደግሞ ገንዘብ የሰጣት ክፍል አይጠብቃትም፤ ወረቀቷን ሳትይዝ ነው ወደ አገሯ የምትመለሰው። ሐዘን ይጠብቃል፤ ፈረንጅ አይጠብቅም። ዓርብ ትጨርስ፤ ቅዳሜ በማለዳ እኔ ራሴ እናገራለሁ።»

«እስከዚያስ ስለ እናቷ ብትጠይቀኝ?»

«አንተ እዚህ እኔ ዘንድ ትሰነብታለህ፤ የእሷ ቤት አንድ ክፍል ነው፣ ሰበብ አናጣም። እሷ ዘንድ የምታድረው ልጅቱ ናት።» ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባዬ «እማማ ጠበል ሄዳለች በያት። ሌላ አትጨምሪ» አለኝ።

ሰኞ። እታለም ራሷ መጥታ ወሰደችኝ። ስታቅፈኝ ከመሬት አነሳችኝ፤ ቀጭን ናት፣ ግን የተራራ ጉልበት አላት። ገና መኪና ውስጥ ሳንገባ «እማማ እንዴት ናት?» አለች።

«ጠበል ሄዳለች።»

«አሁንም? ባለፈው ስደውልም ሰው ልከው አስጠይቀው፣ እዚያው ናት አሉኝ። እግሯን ነው?»

«እግሯን ነው» አልኩ። ሌላ እንዳልጨምር ተነግሮኝ ነበር፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ጨመርኩ።

ቤቷ ካፒቶል ሂል ላይ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ያለች ክፍል ናት። ከታች የሽንኩርት ሽታ ይወጣል፤ መስኮቱን ሲከፍቱት ዝናብ ይገባል። የእኛ ዝናብ መሬቱን ደብድቦ ያልፋል፤ የሲያትል ዝናብ ግን ይቀመጣል፣ እንደ እንግዳ። አልጋዋን ለእኔ ለቃ እሷ ሶፋ ላይ ተኛች። እራት ወተት ውስጥ የተነከረ፣ ኮርንፍሌክስ የሚሉት የበቆሎ ቅርፊት ነው። «ይቅርታ ማርትዬ፣ ከዓርብ በፊት ምግብ የለም» አለችኝ እየሳቀች።

ማክሰኞ። ይህ ቀን ደስ ያለኝ ቀን ነው፤ ደስ ማለቱ ቢያሳፍረኝም ልዋሽ አልችልም። እታለም ከኔፓልና ከላኦስ ያመጣቻቸው ደብተሮች በዝናብ የተጎሳቆሉ ናቸው። እኔ ቁጥሩን አነባለሁ፣ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ከጻፈችው ጋር ታስተያያለች። አንድ ቦታ አምስት የነበረውን ስድስት ብላ ጽፋ ስይዛት «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ የሒሳብ ሹም ነው!» አለችኝ። ኮምፒውተሩ በስልክ መስመር ከኢንተርኔት ሲገናኝ እንደ ታመመ ዶሮ ይጮኻል። ላኦስ ተራራ ላይ ላለ ወዳጇ ደብዳቤ ላከች። «አሁን ደረሰው?» ስላት «ዋናው ከተማ ደርሷል። ከዚያ ተራራው ላይ የሚወጣው በአውቶቡስ ነው፣ ታትሞ» አለችኝ።

ሥራዋን እንዲህ አስረዳችኝ። መንግሥታት ስልክ ሲቆጥሩ ለመቶ ሰው ስንት መስመር አለ ብለው ነው። በዚያ አቆጣጠር የእኛ ቤት ዜሮ ነው፤ ስልክ የለንም። ግን ከማዶ እትዬ አስካለ ቤት ስልክ አለ፤ እታለም ትደውላለች፣ እትዬ አስካለ «ይጠሩ!» ብለው ሰው ይልካሉ፣ እታለም ዘግታ እንደገና ስትደውል እማማ በከዘራዋ ደርሳለች። «ታዲያ እኛ ስልክ አለን ወይስ የለንም?» አለችኝ። በላኦስም በኔፓልም ባለ ስልክ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጥሪ ከመጣበት ጊዜ አንስቶ ሰውየው ከእርሻው መጥቶ ሀሎ እስኪል በእጅ ሰዓት ስትለካ ነው የከረመችው። የእሷ መለኪያ የመስመር ቁጥር አይደለም፤ ሰው ከጥሪው በስንት ደቂቃ ይገኛል የሚል ነው።

«የእማማ ሰባት ደቂቃ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰባት። ዓርብ የምጀምረው በእሷ ነው፤ ፎቶዋን በትልቁ ግድግዳው ላይ አሳያቸዋለሁ» አለችኝ።

«ቆንጆ ነው» አልኩና ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ። ውሃ አልጠማኝም ነበር።

ረቡዕ። ጠፋሁ። እታለም ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ወዳጇ ዘንድ ስትሄድ «በዚህ ቁጥር አውቶቡስ አራት ማቆሚያ ትመጫለሽ» ብላኝ ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አቅጣጫው ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። እኛ አገር ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ይጮኻል፤ እዚያ ሹፌሩ ዝም ነው። ጨርሶ በማላውቀው ቦታ አወረደኝ፤ ዋይት ሴንተር ይባላል። የእስያ ሰዎች ትናንሽ ሱቆች የሞሉበት ሰፈር ነው። የሩዝ ጆንያ ደጃፉ ላይ የተከመረበት አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ማልቀስ ጀምሬ ነበርና፣ የእታለምን ወዳጅ ቁጥር የጻፍኩበትን ወረቀት ለባለ ሱቋ አሳየሁ። አጭር ሴትዮ ናት። ቁጥሩን ራሷ ደወለች፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገች፣ ከባንኮኒው ጀርባ አስቀምጣ በቅጠል የተጠቀለለ የሚያጣብቅ ሩዝ አጎረሰችኝ። እኛ አገር ብቻ ሰው የሚያጎርስ ይመስለኝ ነበር።

እታለም እየሮጠች ደረሰች። ሴትዮዋ የላኦስ ሰው ሆና ተገኘች! እታለም በላኦስ ቋንቋ ሰላም ስትላት ሴትዮዋ ጮኸች፤ ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔም ሳቅሁ። ለመመለስ ስንነሳ እታለም የስልክ ካርድ ገዛች።

«አዲስ አበባ አሁን ምሽት ነው። አንቺም አለሽ፤ ለእትዬ አስካለ እንደውልላቸው። ምናልባት እማማ ተመልሳ ይሆናል።»

«ጠበል ናት አልኩሽ እኮ» አልኩ። ደወለች። እንደ ልማዷ የእጅ ሰዓቷን ተጫነች። እትዬ አስካለ በጩኸት ስለሚያወሩ ድምፃቸው ለእኔም ይሰማኛል። «ሀሎ! ምንቴ! ጠፋሽ እኮ! እማማ ጠበል ናቸው፤ ገና ናቸው፤ አይዞሽ፣ ደህና ናቸው!»

እታለም ሰዓቷን አየች። «እሺ እትዬ አስካለ። እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋች። የሩዝ ጆንያዎቹን እያየች ቆመች። ባለ ሱቋ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ እታለም በላኦስ ቋንቋ አንድ አጭር ነገር መለሰችላት። ሴትዮዋ ከባንኮኒው ዞራ መጥታ ሁለት እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። የላኦስ መሰናበቻ መሰለኝና እኔም እጅ ነሳሁ።

ሐሙስ። ዝናብ። እታለም ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ዋለች፤ ያለ ቀልድ። ከሰዓት በኋላ ለነገ የተዘጋጁትን ሥዕሎች ስናይ የእማማ ፎቶ የለም። «የት ሄደ?» ስላት «አስወጣሁት። ረዘመብኝ» አለች። አባዬ አሥር ሰዓት ላይ ከጋሽ ሰይድ ጋር መጣ፤ እትዬ ዘይነባ የላኩትን ምስር ይዟል። እታለም አየችው፣ አገጩን በጣቷ ነካችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ፊትህ ሁለት ቀለም ሆኗል።»

«የአውሮፕላን ነገር ነው» አለ አባዬ። ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ጋሽ ሰይድ አሳላቸው። እታለም ምስሩን አሙቃ አበላችን። ተመልሰው ሲሄዱ አባዬ ደረጃው ላይ ጆሮዬ ውስጥ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጠረጠረችም» አለኝ። እኔም አመንኩት።

ዓርብ። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ አምስት መምህራን ጠረጴዛ ከብበው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሰይድ ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ ከረባት አስረው መጥተዋል። እታለም ግራጫ ልብስ ለብሳ ቆመችና ጀመረች። በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ ብላ ስለምትናገር አብዛኛው ገባኝ። አባዬ አይገባውም፤ እሷ እጇን ባነሳች ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። ስለ ተራራዎቹ፣ ስለ ባለ ሱቆቹ፣ ጥሪ ደርሶት እየሮጠ ስለሚወርደው ሰው ተናገረች። ድምጿ አንድም ጊዜ አልተናወጠም።

ከዚያ ነጭ ሽበት ያላቸው አንድ መምህር ደብተሯን ገልጠው ጠየቋት። «እዚህ ዜሮ ደቂቃ የሚል ብዙ ቦታ አለ። ዜሮ ማለት ሰውየው ስልኩ አጠገብ ነበረ ማለት ነው?»

«አይደለም» አለች እታለም። «ዜሮ ማለት ሰው አልተላከም ማለት ነው። ባለ ስልኩ፣ የሚጠራው ሰው መኖር አለመኖሩን ካላወቀ ሁልጊዜ አንድ ልጅ ይልካል፤ ባያገኘው እንኳ ልጁ እስኪመለስ ደቂቃ ይቆጠራል። ሳይልክ ወዲያው የለም ካለ፣ የሚላክለት ሰው እንደሌለ ያውቃል ማለት ነው። ወይ ከመንደሩ ለቋል፣ ወይ ሞቷል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ» አለች። «ከገዛ ቤቴ አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት ስደውል ጎረቤታችን አንድ ቀን ሰው ሳይልኩ መልሰውልኝ አያውቁም። በዚህ ሳምንት ግን ወዲያው መለሱልኝ።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁና ጻፉ። ምን እንደ ነገረቻቸው አላወቁም። እኔ ግን ገባኝ። አባዬን አየሁት፤ ፈገግ ብሎ ያጨበጭባል። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ እሳቸው ይስሙት አይስሙት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አስወጥተውን ተመካከሩ፤ ሲመለሱ «ዶክተር» ብለው ጨበጧት። አባዬ እልል አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ሰው ሲሳሳም እታለም እጄን ይዛ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ወሰደችኝ።

«ማወቄ ገብቶሻል» አለችኝ።

«እታለም፣ እኔ…»

«ተይው። ሱቁ ውስጥ ነው ያወቅሁት። ለዚያች ሴትዮ ነገርኳት፤ እናቴ ሞታለች አልኳት። በአማርኛ አፌ እምቢ አለኝ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ ወይ ትዋሺኛለሽ፣ ወይ ትነግሪኛለሽ። በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ሁለቱም ይከብድሻል።» የሹራቤን እጅጌ አስተካከለችልኝ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው ሊነግረኝ ነው። ይንገሩኝ።»

ቅዳሜ። ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። እታለም ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። እስካሁን ችላዋለች፤ ሦስት ቀን በልታበታለች፣ ሠርታበታለች፣ ዶክተር ሆናበታለች፤ ዛሬም ዝም ብላ ሰምታ «አውቄያለሁ» የምትላቸው መስሎኝ ነበር። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እርምጃ ተሰማ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይድ፣ አባዬ፣ እትዬ ዘይነባ፣ ከኋላቸው የማላውቃቸው አራት አምስት ሰዎች፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። እትዬ ዘይነባ በቀጥታ ሄደው ከጎኗ ተቀመጡ። አባዬ ከፊቷ ተንበረከከ።

ጋሽ ሰይድ ቆመው «ምንትዋብ ልጄ» አሉ። «ያለነው በፈጣሪ እጅ ነው። እሱ የሰጠውን እሱ ይወስዳል። እናትሽ አርፈዋል።»

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ምንም እንዳልሰማች፣ ምንም እንዳላወቀች ሰው ወደቀች። እትዬ ዘይነባ ወገቧን ያዙ፣ አባዬ እጆቿን ያዘ፤ «እማዬን! እማዬን!» አለች፣ በአማርኛ፣ በሙሉ አፏ። አባዬም ከተላጨ ጀምሮ ይዞት የነበረውን እንባ ለቀቀው። ከታች የምግብ ቤቱ ሰዎች ደንግጠው ወጡ፤ አንዱ ጎረቤት ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ጋሽ ሰይድ ነገሩት፤ ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ደረጃው ላይ ቆመ።

ፀሐይ ስትወጣ ጸጥ አለች። ፊቷ አብጧል። እትዬ ዘይነባ ውሃ አጠጧት። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው በሙሉ በዓይኗ ዞረችውና እኔ ላይ ቆመች።

«ማርትዬ፣ ነይ እዚህ» አለችኝ። «አንቺ አብረሻት ነበርሽ። ንገሪኝ።»

አባዬን አየሁት። ራሱን ነቀነቀልኝ። ምንጣፉ ላይ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና፣ እማማ እግሬን አመመኝ ካለችበት ጠዋት ጀምሬ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት።